አራተኛዋ ሐይቅ

እናቴ ከደብረ ብርሃን እኔ ወደምኖርባት ኦሮራ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ስትመጣ የሻንጣዋ ግማሽ በሶ ነበር። ሰኔ ገብቷል። ከኤርፖርት ወደ ቤት ስንነዳ በስተምዕራብ የሮኪ ተራሮች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ጫፋቸው ላይ ገና በረዶ አለ። በመስኮቱ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "እዚያ ላይ ሰው ይወጣል?" አለችኝ።

"ይወጣል እማዬ። ላዩ ላይ ሐይቅም አለ።"

"እንደ ዝቋላ?"

"እንደ ዝቋላ።"

"በይ እንግዲያው ታወጪኛለሽ።"

ዝቋላ ለእናቴ ተራ ተራራ አይደለም። ልጅ እግር ሳለች ለአቦ ንግሥ ከአክስቶቿ ጋር ወጥታዋለች። ሌሊቱን ሲጓዙ ነው ያደሩት። "ፀሐይ ሳትበረታ ላይ መድረስ ነው ዋናው" ትላለች እስከ ዛሬ። ተራራው 2,989 ሜትር ከፍታ አለው። አናቱ ላይ ድሮ የእሳተ ገሞራ አፍ የነበረ ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ውስጡ ሐይቅ ነው፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አጠገቡ ነው። በእሷ ልብ የተራራ ሐይቅ ማለት ያ ነው። ሰው ተዘጋጅቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚደርስበት ቦታ።

እኔ የተራራ ሐይቅ ሲባል ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰዓቱን ግን እናቴ በምትቆጥረው በእኛው) ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ኤመራልድ ሐይቅ ሄድን። ጁን መጀመሪያ ነበር። ከተማው ሞቆ ስለነበር ተራራውም የሞቀ መሰለን። መራመድ የጀመርነው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው። ሁላችንም የሰፈር ስኒከር ነው ያደረግነው። ውሃችን ለአራት ሰው ሁለት ጠርሙስ ነበር። ከሁለተኛው ሐይቅ በላይ መንገዱ በበረዶ ተሸፍኖ ጠበቀን። አንዷ ጓደኛዬ ተንሸራትታ የእጅ አንጓዋ ዞረባት። ስንመለስ መብረቅና የበረዶ ጠጠር ያዘን። አንድ ሰዓት ያህል ዛፎች መሃል ተኮማትረን ተቀመጥን። ማንም አልተጎዳም ማለት ይቻላል። ግን እኔ ያን ቀን የጓደኛዬን እጅ ይዤ ስወርድ የተሰማኝ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀኝም። ሦስታችንም እሷን አምጥተናት ነበር። ማንኛችንም ግን ስለ መመለስ አላሰብንም ነበር።

ስለዚህ እናቴ "ታወጪኛለሽ" ስትል ደስታና ስጋት አብረው መጡብኝ። ዕድሜዋ 67 ነው። ልጄ ደግሞ 9 ዓመቷ ነው፤ አያቷ ከሄደች እሷም አትቀርም። ባለቤቴ በሳምንቱ ቀናት ሥራ ነው። እኔ ብቻዬን ሁለቱን ይዤ ልወጣ ነው።

የመረጥኩት ያንኑ መንገድ ነው። የማውቀው እሱን ስለሆነና ለሁለቱም የሚመች ስለሆነ። መንገዱ በ1915 በተመሠረተው በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው ያለው። ከኦሮራ ኤስቲስ ፓርክ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ መንዳት ነው፤ ከዚያ ፓርኩ ውስጥ ገብቶ ቤር ሐይቅ ድረስ በመኪና መሄድ ነው። ሁሉም ከመንገድ ጋር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ይህን ስጽፍ ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ፊቴ ላይ ይመጣሉ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ኖረው፣ ሁለት ሥራ እየሠሩ፣ ታክሲ እየነዱ፣ ተራራውን በመኪና መስታወት ብቻ የሚያዩት። ሁለት ሰዓት ብቻ እኮ ነው።

ቤር ሐይቅ መነሻው ነው። እዚያ መጸዳጃ ቤት አለ፤ ከዚያ በኋላ የለም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከልጅና ከአዛውንት ጋር ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከፍታው 2,888 ሜትር ነው። ከዚያ ግማሽ ማይል፣ 800 ሜትር ያህል ሲወጣ ኒምፍ ሐይቅ ይገኛል። 1.1 ማይል ላይ ድሪም ሐይቅ አለ፤ ከፍታው 3,000 ሜትር አለፍ ይላል። 1.8 ማይል ላይ ኤመራልድ ሐይቅ ነው፤ መንገዱ እዚያ ያበቃል። ደርሶ መልሱ 3.6 ማይል ነው፤ ወደ 5.8 ኪሎ ሜትር። ጠቅላላ ዳገቱ 200 ሜትር ገደማ ነው።

መነሻውን ቤርን ሳንቆጥር አራተኛም አለ። ከድሪም ሐይቅ ትንሽ ቀድሞ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በስተግራ የሚሄደው ሃያሃ ወደሚባል ሐይቅ ይወስዳል። በ2022 ጁን መጨረሻ ላይ ከዚህ ሐይቅ በላይ ባለው ሸለቆ ትልቅ ናዳ ወረደ። ከናዳው የተፈጨው የድንጋይ ዱቄት ውሃው ውስጥ ገባና ቀለሙን ቀየረው። ድሮ እንደማንኛውም ሐይቅ ጥርት ያለ ነበር፤ አሁን ወተት የተቀላቀለበት አረንጓዴ ይመስላል። ልጄ ፎቶውን አይታ "እሱን ካላየሁ" አለች። ሃያሃ ሲጨመር ቀላሉ ጉዞ መካከለኛ ይሆናል። መንገዱ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ መጨረሻው ላይም ቋጥኝ በቋጥኝ መረማመድ አለው። እኔ የጉዞውን ዕቅድ በምጽፍበት ወረቀት ላይ "ምናልባት" ብዬ ጻፍኩት።

ሐይቆቹን ማን እንደሠራቸው ለእናቴ ስነግራት በጣም ደስ አላት። ሸለቆውን የቦረቦረው የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ እየከበደ ሲንሸራተት ዓለቱን እየፋቀ ጎድጓዳ ቦታዎች ተወ። ሲቀልጥ ውሃው እዚያ ቀረ። ድሪምና ኤመራልድ በአንድ ወራጅ ውሃ ተያይዘው አንዱ ከአንዱ በላይ የተቀመጡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉትን ተከታታይ ሐይቆች የጂኦሎጂ ሰዎች በመቁጠሪያ ዶቃ ስም ነው የሚጠሯቸው። እናቴ መቁጠሪያዋን ከአንገቷ ሳብ አድርጋ አየችው። "ትክክል ነው፤ በክር የተያዘ ነው" አለች።

ከዚያ ስለ ሰዓት ማሰብ ጀመርኩ። በ1892 ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ስሌት አለ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት እስከ ኤመራልድ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ግን ያ ስሌት የጎልማሳ፣ የጤነኛ፣ ማንንም የማይጠብቅ ሰው ነው። ስለዚህ የራሳችንን ስሌት ለማግኘት ሦስታችንም በየምሽቱ ቼሪ ክሪክ በሚባለው መናፈሻ አካባቢ መራመድ ጀመርን። እናቴ አንድ ማይል በ28 ደቂቃ ትሄዳለች። አትፈጥንም፣ አትቆምም። ልጄ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ቅጠል ታነሳለች፣ ደክሞኛል ትላለች፣ እንደገና ትሮጣለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። እኔ የናይስሚዝን ሰዓት እጥፍ አደረግኩትና ለመቀመጫ፣ ለመብያና ለጸሎት አንድ ሰዓት ጨመርኩበት። አራት ሰዓት። ከዚህ ያነሰ ከጻፍኩ አንዳቸውን ልገፋ ነው ማለት ነው።

የእናቴ ትንፋሽ ግን አሳስቦኝ ነበር። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሟን አስፈቀድኩ፣ ግፊቷን አስለካሁ። አንድ ምሽት ግን ካርታው ላይ ከፍታዎቹን ስመለከት ዝም ብዬ ቀረሁ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ነው። ቤር ሐይቅ 2,888። መኪና አቁመን መራመድ የምንጀምርበት ቦታ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ፣ ጤፍ ስታስፈጭ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከኖረችበት መሬት በ50 ሜትር እንኳን አይበልጥም። ኦሮራ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳገቱ የእኔና የልጄ ነበር።

በኋላ ሳነብ ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን እንዳጠኑ አየሁ። ውጤቱ በ2002 ነው የወጣው። የሰዎቹ ሄሞግሎቢንም፣ በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠንም በባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች የተለየ ነገር ነው ያገኙት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙም አልገረማትም። "እኛ አገር ማን ትንፋሽ አጥሮት ያውቃል?" አለችኝ።

ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ዓርብ ደግሞ ሐምሌ 19፣ ገብርኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለባት። ቅዳሜና እሑድ ፓርኩ ይጨናነቃል። ሐሙስ ጁላይ 25 ቀረ። ያቺ ቀን ተቆረጠች።

ፈቃዱ ሌላ ጣጣ ነው። በበጋቸው ወራት ወደ ቤር ሐይቅ የሚወስደው መንገድ በሰዓት የተከፈለ የመግቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። የሁለት ሰዓት የመግቢያ ጊዜ ይሰጡሃል፤ በዚያ ውስጥ መግባት ነው፤ መውጫ ሰዓት የለውም። ፈቃዱ ሁለት ዶላር ነው፤ የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል። የሚቀጥለው ወር ፈቃድ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃል። የተወሰነው ደግሞ ተይዞ ይቆይና በዋዜማው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። አሠራሩ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ሁልጊዜ የዓመቱን ማየት ያስፈልጋል። እናቴ ስትመጣ የጁላይ ጠዋቶች አልቀው ነበር። ረቡዕ ምሽት ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ልጄ በስልኬ፣ እኔ በኮምፒውተሩ። ልክ 1 ሰዓት ሲሆን ሁለታችንም ነካነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለውን እሷ አገኘችው። እናቴ ከወጥ ቤት እልል አለች።

ጫማ ላይ ብዙ ተከራክረናል። እናቴ የመጣችበት ሸራ ጫማ "ምን ይለዋል?" ነበር የምትለው። መንገዱ ላይ ጠጠር አለ፣ እርጥብ ዓለት አለ፣ ሲወርዱ ነው ሰው የሚወድቀው። ሱቅ ይዣት ሄድኩ። አራት ጫማ ሞከረች። የሻጯን ልጅ እጅ ይዛ በሱቁ ውስጥ ባለችው ትንሽ የድንጋይ ዳገት ላይ ወጥታ ወረደች። ሶሉ ጎርበጥ ያለ፣ ጣቷን የማይጫን ጫማ ገዛን። ሦስት ሳምንት በቤት ውስጥና በቼሪ ክሪክ አደረገችው። አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይጀመርም። በ2018 ያን ብቻ እንኳን ባውቅ ኖሮ።

ልብስ ላይም አሳብ ያስፈልጋል። በየ1,000 ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ኦሮራ 33 ዲግሪ ሲሆን ላይ 24 ሊሆን ይችላል፤ ደመና ከመጣ ደግሞ ወዲያው ይወርዳል። ፀሐይዋም ከፍ ሲሉ ትበረታለች። ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፤ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ለሁላችንም የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያዝን። እናቴ ነጠላዋን አልተውም አለች። ትክክል ነበረች። ፀሐይ ላይ ራሷን ሸፈነችበት፤ ቁጭ ስንል አነጠፈችው።

ስንቁን ለእሷ ተውኩላት። እዚህ ሱቅ ውስጥ ለተራራ ተብሎ በወረቀት የሚሸጥ ጣፋጭ ነገር አለ። እሷ ግን በሶውን በትንሽ ጨውና በማር ጨበጠችው። ቆሎ አለ። ድፎ ዳቦ አለ። ቡና በፔርሙዝ። የሸዋ ደጋ ሰው ገብስ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በቅል ይዞ ስንት ቀን መንገድ ሄዷል። የማይበላሽ፣ የማይከብድ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ለማግኘት የእኛ ሰዎች ብዙ አስበውበታል። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ውሃ ያዝን። የወራጁ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይጣራ አይጠጣም፤ ጃርዲያ አለበት።

የሰማዩ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ነበር። ጁላይና ኦገስት ላይ እዚህ ተራሮች ጠዋት ሰማያቸው ጥርት ይላል። ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል። በየቀኑ አይደለም፤ ግን ልማዱ ይኸው ነው። በ2014 ጁላይ በሁለት ተከታታይ ቀናት እዚሁ ፓርክ ውስጥ ሁለት ሰዎች በመብረቅ ሞተዋል። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። ሰው ጠዋት ሰማዩን አይቶ እንዳይታለል ነው። ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ የትም ብንደርስ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እንመለሳለን። ወደ ሃያሃ የምንታጠፈው ደግሞ ከኤመራልድ ስንመለስ መገንጠያው ላይ ከ5 ሰዓት በፊት ከደረስን ብቻ ነው። ወረቀቱን እራት ላይ አነበብኩላቸው። ልጄም እናቴም እሺ አሉ። አንዱን ቅጂ ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ እስከ 10 ሰዓት ካልደወልን የት እንደሚፈልገን እንዲያውቅ። ላይ ስልክ እንደልብ አይሠራም። ካርታውንም ቤት ሳለሁ ስልኬ ላይ ጫንኩት።

ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ጸሎቷን ጨርሳ ነበር። 1 ሰዓት ከአሥር ላይ የፓርኩ በር ደረስን። የቤር ሐይቅ ማቆሚያ ቶሎ ስለሚሞላ መኪናውን ዝቅ ብሎ ባለው ትልቅ ማቆሚያ ትተን በሸትል አውቶቡስ ወጣን። 2 ሰዓት ላይ መራመድ ጀመርን።

ኒምፍ ሐይቅ ትንሽ ናት። ውሃዋ ላይ ቢጫ አበባ ያለው የውሃ ቅጠል ተንሳፍፏል። ስሟም ከዚሁ ቅጠል የድሮ ሳይንሳዊ ስም የመጣ ነው። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ልጄ ቀና ብላ "አያቴ ደከመሽ እንዴ?" ስትላት "አይደለም ልጄ፣ እያየሁ ነው" አለቻት። ከኒምፍ በላይ መንገዱ ሲዞር ወደ ኋላ ሎንግስ ፒክ የሚባለው ተራራ ይታያል። 4,346 ሜትር ነው። እናቴ ቆማ "የበረዶ ካባ ለብሷል" አለች።

የተደናቀፍነው ድሪም ጋ ነው። ልጄ ራሷን ያዘች። ፊቷ ገረጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኒምፍ ላይ ቆይተናል ብዬ መሃል ላይ አፍጥኛታለሁ፤ ውሃ ጠጪ ማለቱንም ረስቼዋለሁ። እናቴ እኔን በዓይኗ ብቻ አየችኝና ልጅቷን ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት። ውሃ በትንሽ በትንሹ አስጠጣቻት። ከበሶው ቆርሳ አጎረሰቻት። "አታዋክቢያት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሐይቁ የትም አይሄድም።" 25 ደቂቃ ቆየን። ያን 25 ደቂቃ ሳስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ድሪም ረጅምና ጠባብ ሐይቅ ነው። ጫፉ ላይ ሃሌት ፒክ የሚባል ተራራ ተገትሮ ይቆማል፤ ነፋስ ስላልነበረ ውሃው ውስጥም ይታይ ነበር። ልጄ ፊቷ ተመለሰ። ካልተሻላት እንወርዳለን ብዬ ወስኜ ነበር። ራሷ ተነስታ "እንሂድ" አለች።

ከድሪም እስከ ኤመራልድ መንገዱ ከውሃው ጎን ለጎን ይወጣል፤ የድንጋይ ደረጃ የሚመስል ቦታ አለው። እኔ አለከልካለሁ። እናቴ በዚያችው በ28 ደቂቃ እርምጃዋ ከፊታችን ትሄዳለች። የሚወርዱ ሰዎች መንገድ እየለቀቁ ሰላም ይሏታል። እሷም በአማርኛ "እንደምን አደራችሁ" ትላቸዋለች።

ኤመራልድ የደረስነው 4 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። ሐይቁ ሦስት በኩል በዓለት ግድግዳ ተከቧል። ከግድግዳው ሥር ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተከናነበችና ወደ ውሃው ዞራ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልጄም አጠገቧ ሄዳ ቆመች። እኔ ዳቦ ልቆርስ የያዝኩትን ቢላ አስቀመጥኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በላን። ትንሽ ባለመስመር ሽኮኮ መሳይ እንስሳ መጥታ የልጄን ቆሎ ትለምናለች። ልጄ ልትሰጣት ፈለገች። አይቻልም፤ ፓርኩ ይከለክላል። ከሰው እጅ የለመደ እንስሳ ራሱን መመገብ ይተዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ የወደቁትን ቆሎዎች አንድ በአንድ ለቅማ ኪሷ ከተተች።

5 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቀና አለች። ከሃሌት ኋላ አንዲት ነጭ ደመና ወጥታለች። ለእኔ የጥጥ ፍንካች ነው የመሰለችኝ። "ያቺ ደመና እየቆመች ነው" አለች። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ እያደገች ነው ማለቷ ነው። "የሐምሌ ሰማይ አይታመንም። ተነሱ።" ከወረቀቱ ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድመን ተነሳን።

መገንጠያው ላይ ስንደርስ 6 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ምልክቱ ላይ ሃያሃ ተጽፏል። 1 ማይል ገደማ ብቻ ነው። ከራሳችን በላይ ሰማዩ አሁንም ሰማያዊ ነው። ሰዎች ወደዚያ እየታጠፉ ነው። ልጄ እግሯን ተክላ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እማ፣ ቅርብ እኮ ነው።" እውነቷን ነው። እኔም ፈልጌ ነበር። እናቴ እዚህ ስትመጣ ሁለተኛ ዕድል ይኖራታል? ይህን ሳስብ ጉሮሮዬ ተዘጋ። አንዲት ሰዓት ብቻ ብትጨመር ምን ይሆናል አልኩ በልቤ። በ2018ም ልክ እንዲህ ብዬ ነበር።

እናቴ ናት የጠየቀችው። "ያልሽው ሰዓት አልፏል?"

"አልፏል እማዬ።"

"ታዲያ ምን ያቆመናል?"

የልጄን እጅ ይዛ ቁልቁል ወረደች። ልጄ እስከ ኒምፍ ድረስ አላናገረችኝም። አልተቆጣኋትም።

7 ሰዓት ከሩብ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲመታ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ የአተር ፍሬ የሚያህል በረዶ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ከመንገዱ እየሮጡ የሚመጡ ሰዎች አየን። አንዲት ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ውሃ ሆና ገባች። እናቴ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ከቦርሳው አውጥታ ሕፃኑን አለበሰችው። ልጄ በመስታወቱ ወደ ላይ ስታይ ቆየችና ጭንቅላቷን ክንዴ ላይ አስደገፈች።

በማግስቱ ከገብርኤል ቅዳሴ በኋላ እናቴ ሻይ ላይ ለሴቶቹ ሁሉን ነገረቻቸው። ሦስት ሐይቅ አየሁ፣ አንዱ ቢጫ አበባ አለው፣ አንዱ ተራራውን ያሳያል፣ አንዱ ዝቋላን ይመስላል። አራት ሴቶች ስልኬን ወሰዱ። አንዷ በዚህ አገር 19 ዓመቷ ነው፤ ተራራ ወጥታ አታውቅም። በኦገስት አምስት ሆነን ሄድን። እሷ ኒምፍ ድረስ ብቻ ነው የፈለገችው፤ ሁላችንም ኒምፍ ላይ ቀረን።

እናቴ ለእንቁጣጣሽ አገሯ ገባች። ሻንጣዋን ስንሸክፍ የተራራ ጫማዋን አወጣችውና ቁም ሳጥኔ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው። ሶሉ ሥር የኤመራልድ ጠጠር ተሰክቶ ነበር፤ አላስወጣሁትም።

በየእሑዱ እንደዋወላለን። ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኩን ተቀብላ ስታወራ ቆየችና መለሰችልኝ። እናቴ "ያቺን አራተኛዋን ሐይቅ አያችኋት?" አለችኝ።

"አላየናትም እማዬ። አንቺን እየጠበቅን ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ከኋላዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

"እንግዲያው ጫማዬን ለሰው እንዳትሰጪ" አለችኝ።